ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ፦ የአንድ ቲፎዞ ፎቶዎች ከአዲስ አበባ

የአራዳው ፈረሰኛ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለቤቱ ሰዎች።

እዚህ መድረክ ላይ ስለ አሰላለፍ፣ ስለ ዝውውርና ስለ ዳኛ ስንነታረክ እንከርማለን። ደስም ይላል። ዛሬ ግን ስለ ፎቶ ማውራት አማረኝ። ባለፉት ዓመታት ካነሳኋቸው መርጬ እየለጠፍኩ ነው። ኳስ የሚታይበት አንድም የለም። ያነሳሁት ደጋፊውንና ከተማዋን ነው።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካ ዋንጫን ወሰድን። ጃንሆይ ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቻኖ ቫሳሎ ሲሰጡት ሁላችንም በፎቶ አይተናል። ጎሎቹንም እንደ ውዳሴ እንደግማቸዋለን፤ ግርማ ተክሌ፣ ሉቻኖ፣ ኢታሎ፣ መንግሥቱ ወርቁ። ግን ያን ቀን ስታዲየሙን የሞላው ሕዝብ ፊቱ የት አለ? ምን ለብሶ መጣ? ሁለት ጊዜ ተመርተን ሁለት ጊዜ አቻ ስንሆን ምን ይመስል ነበር? ይህን የሚያሳይ ፎቶ ስፈልግ የማገኘው በጣም ጥቂት ነው። ተጫዋቹ ስሙ ተጽፏል። ደጋፊው ግን ከሰው ትዝታ ውጪ ምንም የለውም። ሰው ሲያልፍ ትዝታውም አብሮ ያልፋል።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ሱዳንን 2 ለ 0 ያሸነፍን ቀን ስታዲየም ነበርኩ። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ ናቸው ያገቡት። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር ሁለት ጎል ይበቃን ነበር። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። አጠገቤ አንድ አዛውንት ነበሩ። ጨዋታውን በዓይናቸው እያዩ ትንሽዬ ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ። ሬዲዮዋ በላስቲክ ታስራለች፤ የባትሪው ክዳን የለም። ሁለተኛው ጎል ሲገባ ሬዲዮዋን ግጥም አድርገው ሳሟት። ካሜራ የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው። የገዛሁትም እንዲህ ያለውን ለማስቀረት ነው።

ከዚያ ሌላ ጊዜ መጣ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ ከከተማ ከተማ እየዞረ መካሄድ ጀመረ። ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተዘጋ። ሜዳዎቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (የካፍን) መስፈርት አላሟሉም ተባለና ብሔራዊ ቡድናችንም የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር እንዲያደርግ ተገደደ። እሁድ ከሰዓት የት እንደምንሄድ ጠፋን። እኔም ካሜራዬን ይዤ ኳሱ ከተማዋ ውስጥ የት እንደገባ ፍለጋ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያየሁት የስታዲየሙን ዙሪያ ነው። ከለገሃር በኩል መጥታችሁ በእግር ዙሩት። የማልያ ሱቆቹ፣ ዋንጫና ሜዳሊያ የሚሸጡት፣ ቡና ቤቶቹ አሉ። በሩ ተቆልፎም ሰው በዙሪያው ይሰበሰባል። ስለ ጨዋታ ይከራከራል፣ ቡና ይጠጣል፣ ይለያያል። ሦስተኛው ፎቶ ላይ የምታዩት ሊስትሮ ሣጥኑን በሁለት ቀለም ከፍሎ ቀብቶታል፤ በአንድ ጎን የእኛን የቅዱስ ጊዮርጊስን፣ በሌላው ጎን የኢትዮጵያ ቡናን። "ደንበኛዬን አይቼ ነው የማዞረው" አለኝ። ሣጥኑን ብቻ ሳይሆን እጆቹንም እዩልኝ።

ቀጥሎ ከፍለን ኳስ በስክሪን የምናይባቸው ዲኤስቲቪ ቤቶቹ አሉ። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አግዳሚ ወንበር፣ ጨለማ፣ የላብ ሽታ፣ የአርሴናልና የማንቸስተር ጭቅጭቅ። እኔ ከስክሪኑ ሥር ቁጭ ብዬ ወደ ሰው እዞራለሁ። የስክሪኑ ብርሃን ፊታቸው ላይ ያርፋል። ሪጎሬ ሲመታ ሁሉም አፉን በእጁ ይሸፍናል። አይነጋገሩም፣ አይተያዩም፤ ግን እጃቸው እኩል ነው የሚነሳው። ከፎቶዎቼ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይሄን ነው።

እስኪ የእናንተንም ለጥፉ። ክለብ አይለይም።

---

ቡናማዋ

ፈረሰኛው፣ ከተቀናቃኝ ሠፈር ብትሆንም ይሄን ክር ስለከፈትክ እግዜር ይስጥህ። ሊስትሮው ላይ ዓይኔ ቀረ።

ግን አንድ ነገር ጎድሏል። ሴቶች የታሉ? ከለጠፍካቸው ውስጥ ሴት ያየሁት አንድ ቦታ ነው፤ እሷም ቆሎ ትሸጣለች። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የሸገር ደርቢ፣ የቡናና የጊዮርጊስ ጨዋታ፣ አምልጦኝ አያውቅም። እናቴ ናት ያስለመደችኝ። ቆመን ዘምረናል፣ ዝናብ ደብድቦናል፣ ድምፃችን ተዘግቶ ሥራ ገብተናል። በ2003 ዓ.ም. በውበቱ አባተ አሠልጣኝነት ሊጉን ለመጀመሪያ ጊዜ ስናነሳ እናቴ ቡኒ ነጠላ አጣፍታ ነበር የመጣችው። ነጠላውን ያቀለመችው ራሷ ናት። የዚያ ቀን ፎቶ የለኝም። የሌላ ሰው ካሜራ ውስጥ ትኖር ይሆናል ብዬ ሁሌ አስባለሁ። ያላችሁ ካላችሁ በናታችሁ ፈልጉልኝ።

እኔ የማነሳው ከበሮ ነው። ከበሮውን ብቻ ሳይሆን የመቺውን መዳፍ ጭምር። ከእረፍት በፊትና ከጨዋታ በኋላ አነሳዋለሁ። በመጨረሻ ላይ መዳፉ ይቀላል፣ አንዳንዴም ይላጣል። ቆዳውም እንደዚያው ነው። ሲቀደድ ይሰፉታል። በአንዱ ከበሮ ላይ ሦስት ዓይነት ክር ይታያል። ይሄን ያየ ሰው "ደጋፊ ምን ይሠራል?" ብሎ አይጠይቅም።

---

ጨለማ ክፍል

በሙያዬ ፎቶ አንሺ ነኝ፣ አብዛኛው ሥራዬ ሠርግ ነው። ኳስ ላይ የምሄደው ለነፍሴ ነው። ለጀማሪዎች የሚጠቅም ነገር ልበል።

የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ለፊት ጠላት ነው። ከፍታችን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከተማዋ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብም ፀሐይዋ አናት ላይ ትቆማለች። ኮፍያ ያደረገ ሰው ዓይኑ ይጠፋል። ስለዚህ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ከ10 ሰዓት በኋላ ውጡ። ደግነቱ ጨዋታ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ወደ ማታ ነው፤ ሰው ከስታዲየም ሲወጣ ያለው ብርሃን የሚገርም ነው። በክረምት ደመናው ራሱ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፤ ሐምሌን አትናቁት።

ጎል ሲገባ ወዲያው አትጫኑ። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ይዘላል፣ እጅና ስካርፍ ፊቱን ይሸፍነዋል። ትንሽ ጠብቁ። ሰው መጀመሪያ ወደ ሰማይ ይዘላል፣ ቀጥሎ አጠገቡ ወዳለው ሰው ይዞራል። ፎቶው ያለው እዚያ ነው፤ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲተቃቀፍ። የተሳተ ኳስ ደግሞ በተቃራኒው ነው። እጅ ወዲያው ጭንቅላት ላይ ይወጣል፣ ወዲያውም ይወርዳል። ለዚያ ጣታችሁ ዝግጁ ይሁን።

ዝላይ ለማስቆም የሹተሩን ፍጥነት 1/500 ሰከንድ አድርጉት። ስካርፉ እንዲወዛወዝ ከፈለጋችሁ 1/60 ይበቃል። ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) እስከ 3200 ከፍ አድርጉ፣ ፍላሽ ግን በፍጹም። ፍላሽ ያንን የስክሪን ብርሃን ይገድለዋል፣ ሰውንም ያበሳጫል። በስልክም ይሠራል፤ ብቻ ፊቱን በጣታችሁ ነክታችሁ ብርሃኑን ዝቅ አድርጉት።

---

የድሮ ተመልካች

ልጆች፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት።

የአራዳው ልጅ "ፎቶው ለምን የለም?" ብሎ ለጠየቀው እኔ መልስ አለኝ። ፊልም ውድ ነበር። አንድ ጥቅል 36 ፖዝ ነው፣ እሱም ለሠርግና ለክርስትና ይቆጠባል። ማጠቢያና ማሳተሚያ ሌላ ወጪ ነው። ታዲያ ማን ነው አንዱን ፖዝ ለማያውቀው ጯሂ ሰው የሚያባክነው? ካሜራ ያለው ሰው ቤተሰቡን ስታዲየሙ በር ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆምና ያነሳል። ሰው ፎቶ ሲነሳ አይስቅም ነበር። እጁን ጎኑ ላይ ያደርጋል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። የቤታችሁን አልበም አውጡና ከፊት የቆሙትን ተዉአቸው። ከጀርባ ያለውን እዩ። እኔ ቤት በ1968 ዓ.ም. የተነሳ ፎቶ አለ። የአፍሪካ ዋንጫ እዚሁ ሲካሄድ ነው። አባቴና እኔ ቆመናል። ከኋላችን ሰው ተሰልፏል። አንዱ ጋዜጣ እንደ ባርኔጣ አጥፎ ራሱ ላይ ደፍቷል፣ ሌላው ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጧል፣ ሦስተኛው ሎሚ ይልጣል። የእኛ ቡድን ያኔ ከምድቡ አላለፈም፤ ሞሮኮ ከጊኒ ጋር 1 ለ 1 ወጥታ ዋንጫውን ይዛ ሄደች። ያ ሰልፍ ግን የእኛው ነው።

በ1980 የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ (ሴካፋን) ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፈን ስንወስድ ስታዲየም ነበርኩ። ወጣቶቹ የማታውቁት ነገር አለ፦ ስታዲየሙ ውስጥ የተቀመጥክበት ቦታ ማንነትህን ይናገር ነበር። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ። "የት ነህ?" ሲባል "ካታንጋ ነኝ" ብለህ በኩራት ትመልሳለህ። የካታንጋ ሰው ዳኛንም አሠልጣኝንም በዜማ ነበር የሚገመግመው። ተጫዋች ከካታንጋ ፊት ለፊት አብዶ ሠርቶ ካለፈ ዓመቱን ሙሉ ይወራለታል። የእነዚህ ቦታዎች ፎቶ ከነስማቸው መቀመጥ አለበት። እድሳት ጥሩ ነው፤ ወንበር ሲለወጥ ግን ስሙም እንዳይሄድ እሰጋለሁ።

---

ሕግ አክባሪ

ሐሳባችሁ መልካም ነው፤ እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። እነዚህ ሰዎች ፈቅደዋል?

ሰው ኳስ ሲያይ ራሱን ይረሳል። ያለቅሳል፣ ይሳደባል። ያን ፊት ኢንተርኔት ላይ ማግኘት የማይፈልግ ብዙ አለ። ለመሥሪያ ቤቱ "አሞኛል" ብሎ የመጣም ይኖራል። ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ያነሳኸው ወጣት አሥራ ስድስት ዓመት የሚሆነው አይመስልም። የልጆች ጉዳይ ደግሞ ይለያል።

ሌላው የጥበቃዎች ነገር ነው። እኔ አንድ ሕንፃ አጠገብ የሠፈር ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ላነሳ ስል "ምንድን ነው የምታነሳው? ፈቃድ አለህ?" ተብዬ ቆሜ ቀረሁ። ስልኬን አይተው ነው የለቀቁኝ። ጀማሪ ሰው ወደዚህ እንዲገባ ስትመክሩ ይሄንንም ንገሩት።

---

የአራዳው ፈረሰኛ

ሕግ አክባሪ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። አሠራሬን ልንገርህ።

ካነሳሁ በኋላ ሄጄ አሳያለሁ። "አጥፋው" ካለኝ እዚያው ፊቱ አጠፋለሁ። "ላክልኝ" ካለኝ እልክለታለሁ፤ አብዛኛው ሰው የሚለው ይሄን ነው። ዲኤስቲቪ ቤት ስገባ መጀመሪያ ባለቤቱን፣ ቀጥሎ ከፊት የተቀመጡትን እጠይቃለሁ። የጠቀስከው ልጅ የባለቤቱ ልጅ ነው፣ አባቱም ፎቶውን ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። ሠፈር ውስጥ ልጆች ሲጫወቱ ግን ከወላጅ ወይም ከታላቅ ሳልጠይቅ ፊት አላነሳም። እግራቸው ይበቃኛል። ድንጋይ ጎል፣ የካልሲ ኳስ፣ አንድ እግሩ ባዶ አንድ እግሩ ሸራ ጫማ ያደረገ ልጅ። ለሁለት ልጅ አንድ ጥንድ ጫማ ሲካፈሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀኝ እግረኛው ቀኙን ይወስዳል።

ስለ ጥበቃው፣ ብቻህን ቆመህ ከርቀት በትልቅ ሌንስ ስታነሳ ሰው ይጠራጠራል፣ አይፈረድበትም። ሰላምታ ከሰጠህ፣ ለምን እንደምታነሳ ከተናገርክ ብዙው ይቀላል። መንግሥታዊ ሕንፃና ኤምባሲ ወዳለበት አቅጣጫ ግን ካሜራ አታዙር።

ጋሼ፣ የእርስዎን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ያን የ1968 ፎቶ እባክዎን ያሳዩን። ለአንድ ክለብ ወይም ለአንድ ቤተሰብ ብቻ የሚቀመጥ አይደለም።

---

ቡናማዋ

በአንድ ነገር አልስማማም። ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ፍቅሩና ስለ መተቃቀፉ ነው። ደርቢ ላይ ወንበር ሲሰበር፣ ድንጋይ ሲወረወር፣ ሕፃን የያዘች እናት ወደ በር ስትሮጥ አይቻለሁ። የእኛም ሰዎች አድርገውታል፣ የእናንተም። እሱስ አይነሳም? ደጋፊው ታሪክ ይኑረው ካልን ሙሉውን ነው። የሚያምረውን ብቻ ከሰበሰብን የሠርግ አልበም ነው የሚሆነው።

---

የአራዳው ፈረሰኛ

ቡናማዋ፣ ገብቶኛል፤ ግን አሁንም አመነታለሁ። የተሰበረውን ወንበር፣ የተበተነውን ጫማ አነሳለሁ፣ አንስቻለሁም። የወረወረውን ልጅ ፊት ግን አላወጣም። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ አንድ ከሰዓት ላይ ያደረገው ዕድሜ ልኩን እንዲከተለው አልፈልግም። እናትየዋን ግን ባነሳት ደስ ይለኝ ነበር። እዚህ ላይ ልክ ነሽ።

---

ጠዋት ሯጭ

ኳስ ብቻ ነው እንዴ ስፖርት? እኔ የአትሌቲክስ ቲፎዞ ነኝ፤ ለዚህ ደግሞ ከአዲስ አበባ የተሻለ ከተማ የለም።

ሳይነጋ መስቀል አደባባይ ሂዱ። በ2013 ከታደሰ በኋላም ደረጃው የሯጮች ነው። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ይሮጣሉ፣ አንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ ተመልሰው ይሮጣሉ። ከታች ስታዩት ሰው በመስመር የተሰፋ ይመስላል። ከላይ ባቡሩ ያልፋል። ወፍራም ጋቢ የለበሱ ጥበቃ አጠገብ ላብ ያጠመቀው ልጅ ይዘረጋጋል። ከመካከላቸው አንዱ ነገ በዓለም መድረክ ይታይ ይሆናል፤ የትኛው እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁሉንም አነሳለሁ።

በኅዳር ታላቁ ሩጫ አለ። በ1994 በ10 ሺህ ሰው ሲጀመር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ ነበር ያሸነፈው። አሁን ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይሮጣል። ፊት ያሉትን አትሌቶች ጋዜጠኞች ያነሱልናል። እናንተ ኋላ ቅሩ። በክብ ሆነው የሚጨፍሩት፣ ሽማግሌ አባቱን እጁን ይዞ የሚራመደው፣ ፊቱን የተቀባው ሁሉ ኋላ ነው ያለው። እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ከፍ ያለ ቦታ ያዙ።

ጃንሜዳንም አትርሱ። አገር አቋራጭ ውድድሩ፣ የገና ጨዋታው፣ ፈረሱ። በ2012 በኮሮና ጊዜ አትክልት ተራ ወደዚያ ሲዛወር ሜዳው በሽንኩርትና በቲማቲም ተሞልቶ ነበር። እኔ ሯጮች በጆንያዎቹ መካከል ሲሮጡ አንስቻለሁ። ገበያው ተነስቶ ጥምቀት ሲከበርበትም አንስቻለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ለጥፌያለሁ፣ ተመልከቱ።

አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ ያረፉት ቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ነው። እሱንም አንድ ጠዋት ሄዳችሁ እዩ፣ ፎቶ ባታነሱም።

---

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ከአሜሪካ ሰላም ብያለሁ። ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። አሁን የምኖረው ዲሲ አጠገብ ነው።

እዚህም የምትሉት ነገር አለ። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየክረምቱ ውድድር ያዘጋጃል፤ ከተማው ይለያያል፣ ጊዜው ጁላይ 4 አካባቢ ነው። ቲኬት ገዝቶ ጨዋታውን በቅጡ የሚያይ ጥቂት ነው። ሌላው ሜዳውን ይዞራል። ከትምህርት ቤት በኋላ ያልተያዩ ሰዎች ድንገት ይገናኛሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ክትፎ ቤቱ ጋ ይሰለፋሉ። እኔም የማነሳው ያን ዙረት ነው። አማርኛ የማይችሉ ልጆች አረንጓዴ ማልያ ለብሰው ሲጨፍሩ አያቶቻቸው ቆመው ያጨበጭባሉ።

አዲስ አበባ ላሉት አንድ ልመና አለኝ። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ እኔ እዚህ ሆኜ በስልክ ነው ያየሁት። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. የተወለደበት ሠፈር ነው፣ ይድነቃቸው ተሰማ የተጫወቱለት ክለብ። ከጨዋታ በኋላ ደጋፊው እየዘመረ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ያነሳችሁ ካላችሁ ከጀርባው ያሉትን ቤቶችና የሱቅ ጽሑፎች አትቁረጧቸው። ፎቶውን እንዳለ ስቀሉልን። እኔ የማየው ሰውየውንም በረንዳውንም ነው።

---

የአራዳው ፈረሰኛ

አለኝ፤ አሁኑኑ እለጥፋለሁ። ሙሉውን፣ ሳልቆርጥ።

ሌሎቻችሁ፣ ሐሳብ አለኝ። የፊታችን እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት መስቀል አደባባይ እንገናኝ። መንገድ ለእግረኛ ከተዘጋ ልጆቹ አስፋልት ላይ ጎል ይሠራሉ፤ ካልተዘጋም ስታዲየሙን እንዞራለን። የድሮ ፎቶ ወይም ኔጋቲቭ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ጨለማ ክፍል "ስካነር አለኝ" ብሎ በውስጥ ጽፎልኛል፤ በነፃ ይገለብጥላችኋል። ከእያንዳንዱ ጋር የምታውቁትን ጻፉ፦ ዓመቱን፣ የትኛው ጨዋታ እንደነበር፣ የትኛው መቀመጫ እንደሆነ።

---

ቡናማዋ

እመጣለሁ። እናቴንም ይዣት እመጣለሁ። ነጠላውን አሁንም አላት።

---

የድሮ ተመልካች

እኔ ከእስጢፋኖስ ቅዳሴ ስወጣ አገኛችኋለሁ። የ1968ቱን ፎቶና ከኔጋቲቮቹ የተረፉትን በፖስታ አድርጌ አመጣለሁ። ልጆች፣ ኔጋቲቩን መሐሉን በጣት እንዳትነኩት። ጠርዙን ብቻ ያዙ።